አንድ ሰዓት የተባለው ግዳጅ

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ድሬዳዋ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ብርሃን እንዳይገባ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት። የድሬን የከሰዓት ሙቀት እዚያ ላይ ጨምሩበት። መግቢያው አንድ ብር ነው። በሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «ብላክ ሃውክ ዳውን። የእውነት ታሪክ።»

«የእውነት ታሪክ» የምትለዋ ነች የሳበችን። ያን ጊዜ አክሽን ፊልም በየቀኑ እናያለን። አንድ ሰው መቶ ሰው ሲገድል ማየት ለምደናል። እውነተኛ ጦርነት፣ ያውም ጎረቤት አገር ሞቃዲሾ ላይ የተደረገ፣ አይተን አናውቅም።

አብሮኝ የገባው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ከሞቃዲሾ ሸሽቶ ድሬ የገባው በ1991 ነው፤ የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ። (ዓመቶቹንም ወራቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እሱ ያኔ የሚታዘል ልጅ ነበር። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ ሆዮ ነው የሚላት። ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። ድሬ ላይ አንቱ ብዙም የለም። የወለደችንንም፣ ጎረቤቷንም አንቺ ነው የምንለው። ሆዮ ጨርቅ ትሸጣለች። ቤታቸው ስገባ ሁሌም የሚቀበለኝ የዕጣንና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነው።

ፊልሙ እስኪጋመስ ድረስ ቪዲዮ ቤቱ በጩኸት ቀለጠ። ሄሊኮፕተር ሲመጣ ፉጨት፣ አሜሪካኖቹ ሲተኩሱ ጭብጨባ። እኔም ጮኬያለሁ። ጓደኛዬ ዝም ብሏል። አንዴ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ሶማሊኛ አይችልም» አለኝ። ስክሪኑ ላይ ያለውን፣ ሶማሌ ነው የተባለውን ታጣቂ ማለቱ ነው። እኔ ነገሩ አልገባኝም። አማርኛ የማይችል ሰው የእኔን አጎት ሆኖ ፊልም ላይ ቢመጣ ምን እንደሚሰማኝ ለማሰብ ዕድሜዬ ገና ነበር።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። ፊልሙን ያየ ሰው አይረሳውም። አንድ ወጣት ወታደር ጭኑ ላይ ተመትቷል። ትልቁ የደም ሥር ተበጥሶ ወደ ላይ፣ ወደ ሆዱ ሸሽቷል። ሐኪሙ ወታደር ጣቱን ቁስሉ ውስጥ አስገብቶ የደም ሥሩን ጫፍ ይፈልጋል። ማደንዘዣ የለም። ጓዶቹ እጅና እግሩን ይዘውታል። ጫፉ ተገኘ ሲባል ያመልጣል። ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላዬ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ዝም አሉ። ልጁ ሞተ። በእውነትም ሞቷል። ያን ሌሊት ሞቃዲሾ ላይ፣ ሄሊኮፕተር ልኮ ማውጣት ስላልተቻለ ደሙ ፈስሶ ያለቀ የ21 ዓመት ወታደር ነበር።

ማታ ሆዮ ቤት ሄድን። ላሆህ በሻይ ቀረበልን። የት እንደዋልን ጠየቀችን። «የሞቃዲሾ ፊልም አየን» አልኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ።

እጇ ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። «የትኛው ሰፈር?»

«ባካራ።»

«ገበያውን አሳዩት? የጨርቅ ተራውን?»

ምን ብዬ ልመልስ? ፊልሙ ላይ ያየሁት አቧራና ግድግዳ ነው፣ የሚነድ ጎማና የሚሮጥ ሰው። የጨርቅ ተራ አላየሁም። ሆዮ ከመሰደዷ በፊት እዚያ ሱቅ ነበራት። ባካራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረ ትልቅ ገበያ ነው፤ እህል፣ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ሁሉም በየተራው። ለእሷ ባካራ ማለት ደንበኛ ነው፣ የጠዋት ሻይ ነው፣ መቁረጫ መቀስ ነው። ሌላም ነገር ጠየቀችኝ፤ ባሕሩ ይታያል ወይ? ባሕሩ ይታያል አልኳት። ሄሊኮፕተሮቹ በባሕሩ ላይ ሲበርሩ አይቻለሁ። ፊቷ ፈካ አለ። ያ ባሕር ግን የሞቃዲሾ አይደለም። ፊልሙ የተቀረጸው ሞሮኮ ነው፤ ራባትና ሳሌ። ይህን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ሆዮን አሳስቻታለሁ።

ባለፈው ወር ፊልሙን እንደገና አየሁት። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ላፕቶፕ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ። በመካከል ያሉት ዓመታት ስለዚያ ቀን ብዙ አንብቤባቸዋለሁ። ስለዚህ ያየሁት ሌላ ፊልም ነው ማለት ይቻላል።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ጥቅምት 3 ቀን 1993። በእኛ መስከረም 23 ቀን 1986፤ መስቀል ካለፈ ስድስት ቀን። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ 160 ያህል አሜሪካውያን ወታደሮች በ19 አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር፣ በ12 ተሽከርካሪ ተነሡ። ግዳጁ አንድ ቤት መክበብና የሞቃዲሾውን የጦር አበጋዝ የጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድን ሁለት ረዳቶች መያዝ ነው። ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ተብሏል። ለዚህም ነው ብዙዎቹ በጨለማ የሚያሳየውን መነጽር ካምፕ ትተው የወጡት። ውኃም አላበዙም። የጥይት መከላከያ ሰደርያቸውን የኋላ ብረት አውጥተው የሄዱም አሉ። ሸሽቶ በጀርባው የሚመታ ማን አለ ብለው።

ሰዎቹ ተያዙ። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የተፈለጉት ሁለቱም፣ ከእነሱም ጋር ሌሎች 20 ያህል ሰዎች፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጃቸው ታስሮ መኪና ላይ ወጡ። ገና ሲጀመር አንድ ወጣት ከገመድ ላይ ወድቆ ክፉኛ ተጎድቷል፤ እሱን ወደ ካምፕ እየመለሱት ነው። ያም ሆኖ ግዳጁ ተፈጽሟል ሊባል ትንሽ ነው የቀረው። 10 ሰዓት ከ20 ላይ አንድ ብላክ ሃውክ ሄሊኮፕተር በአርፒጂ ሮኬት ተመትቶ መንደር ውስጥ ወደቀ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁለተኛው። አንድ ሰዓት የተባለው ግዳጅ እስከ ማግስቱ ጠዋት ዘለቀ።

ፊልሙ ይህን ሲያሳይ ጎበዝ ነው። ይህን መካድ አልፈልግም። በተለይ የመኪናው አጀብ መንገድ የጠፋበት ክፍል። ከላይ የሚያንዣብብ የባሕር ኃይል አውሮፕላን መንገዱን ያያል። ነገር ግን በቀጥታ ለሹፌሮቹ መናገር አይችልም። መጀመሪያ ለማዘዣ ጣቢያ ይነግራል፤ ጣቢያው ለአጀቡ አዛዥ ያስተላልፋል። «ወደ ግራ ታጠፍ» የሚለው ቃል እስኪደርስ መኪናው መታጠፊያውን አልፏል። ስለዚህ በሚቀጥለው ይታጠፋል፤ የሚቀጥለው ደግሞ ሌላ ደፈጣ ነው። እንዲህ እያለ እየዞረ፣ በየመታጠፊያው ሰው እየወደቀ፣ የወደቀውን ሄሊኮፕተር ሳያገኝ ወደ ካምፕ ተመለሰ። ከስክሪኑ ፊት ተቀምጬ «ቶሎ በሉ!» ብዬ የጮህኩት እዚህ ጋ ነው። ትልቅ ሰው ሆኜም።

ዴልታ የተባለው የአሜሪካ ልዩ ጦር ሁለት ተኳሾችስ? ጋሪ ጎርደንና ራንዲ ሹጋርት። ሁለተኛው ሄሊኮፕተር ሲወድቅ ከላይ ሆነው ያያሉ። ፓይለቱ ማይክ ዱራንት በሕይወት አለ። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው እየጎረፈ ነው። አውርዱን አሉ። አይቻልም ተባሉ። እንደገና ጠየቁ። አይቻልም። ሦስተኛ ሲጠይቁ ተፈቀደላቸው። ሁለት ሆነው ወረዱ። የሚመጣ ረዳት እንደሌለ እያወቁ ነው የወረዱት። ሁለቱም እዚያው ሞቱ። ዱራንት ተማርኮ ከ11 ቀን በኋላ ተለቀቀ፤ አብሮት አንድ ምርኮኛ የናይጄሪያ ወታደርም ተለቋል። ጎርደንና ሹጋርት የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ። ከቬትናም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ስለ ጦርነቱ የማስበው ምንም ይሁን ምን፣ ለወንድሙ ብሎ የወረደን ሰው የማያከብር አንጀት የለኝም።

እንግዲህ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እንዲህ ሰውን ማየት የሚችል ፊልም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው አላየም።

አንዲት ሴት አለች። ባሏ ወይም ወንድሟ ሳይሆን አይቀርም፣ መንገድ ላይ ወድቋል። ወታደሩ መሣሪያውን ደግኖባት «አታድርጊው» እያለ ይለምናታል። ሴትዮዋ የወደቀውን ጠመንጃ ታነሣለች። ተኮሰባት። ትዕይንቱ የወታደሩን ጭንቀት ያሳያል፤ ጥሩ አድርጎ። የእሷን ግን? ማን ናት? ጠዋት ምን ቀቅላ ነበር? ማንን ቤት ትታ ወጣች? ካሜራው ከእሷ ጋር አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ከዋና ተዋንያኑ መካከል አንድም ሶማሌ የለም። ጓደኛዬ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያለኝ እውነት ነበር። ኦስማን አቶ የተባለው የአይዲድ ገንዘብ ያዥ ፊልሙ ሲወጣ በሕይወት ነበር። የእሱን ገጸ ባሕርይ ሲጋር እያስጨሱ አመጡት። ሰውዬው ማንም እንዳላማከረው፣ ሲጋርም እንደማያጨስ ለጋዜጠኞች ተናግሯል።

ከሁሉ በላይ የተዘለለው ሌላ ነው። ፊልሙ መግቢያው ላይ ስለ ረሃቡ ይነግረናል። አይዲድ የእርዳታ እህል እንደሚዘርፍ ይነግረናል። በሰኔ 1993 የተገደሉትን 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች ይነግረናል። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ግን ወደ ጥቅምት ይዘላል። በመካከል ያለው ሐምሌ 12 የለም።

ሐምሌ 12 ቀን 1993፣ ሰኞ ጠዋት። የአይዲድ ጎሳ ሽማግሌዎች አንድ ቤት ተሰብስበዋል። ከተሰበሰቡት ውስጥ ስለ ሰላም ለመነጋገር የመጡ እንደነበሩ ሶማሌዎቹ ይናገራሉ። የአሜሪካ ኮብራ ሄሊኮፕተሮች ቤቱን በሚሳይል መቱት። ደረጃውን ጭምር፣ ሰው እንዳይወርድ። ቀይ መስቀል 54 ሰው መሞቱን ተናገረ፤ ሶማሌዎቹ ከ70 በላይ ነው ይላሉ። የተቆጣው ሕዝብ ዜናውን ለመዘገብ የሄዱ አራት ጋዜጠኞችን በድንጋይና በዱላ ገደለ። ከእነሱ አንዱ ገና 22 ዓመቱ ነበር። እነሱንም ፊልሙ አያነሣቸውም።

ሐምሌን ሳታይ ጥቅምትን ካየህ፣ ሕዝቡ ከየቤቱ የወጣው ያለምክንያት ይመስልሃል። እኔም በልጅነቴ እንዲያ ነው የመሰለኝ። ምግብ ሊያበሏቸው መጥተው ለምን ይገድሏቸዋል? ብዬ ጓደኛዬን ጠይቄዋለሁ። ያኔ መልስ አልሰጠኝም። ያልመለሰልኝ መልስ ስላጣ መስሎኝ ነበር።

ማሌዢያዎቹም ቅር ብሏቸዋል። ያን ሌሊት የተከበቡትን ያወጣው የማሌዢያ ብረት ለበስና የፓኪስታን ታንክ ነው። የአሜሪካ አዛዦች ብረት ለበስ እንዲላክላቸው ቀደም ብለው ጠይቀው ነበር፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሌስ አስፒን አልፈቀዱም። በኋላ ሥልጣናቸውን ያሳጣቸውም ይህ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን የሰው አገር ብረት ለበስ ተለመነ። አንድ የማሌዢያ ወታደር እዚያ ሞቷል። ፊልሙ ላይ እነዚህ ሰዎች ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ማሌዢያ ሠላሳ ዓመት ጠብቃ በ2023 የራሷን ፊልም ሠራች፤ «ማልባት፦ ሚሲ ባካራ» ይባላል። የራስህን ታሪክ ራስህ ካልነገርከው ሌላው በራሱ መንገድ ይነግርልሃል። ሶማሌዎቹ ግን ያን የሚያህል ገንዘብ ከየት ያመጣሉ?

ፊልሙ ሲያልቅ ጽሑፍ ይመጣል። ከ1,000 በላይ ሶማሌዎችና 19 አሜሪካውያን ሞቱ ይላል። (አስራ ስምንቱ በውጊያው፣ አንዱ ከሁለት ቀን በኋላ ካምፑ ላይ በወደቀ ሞርታር።) ከዚያ የአሜሪካኖቹ ስም ተራ በተራ ይዘረዘራል። የሌሎቹ በአንድ ቁጥር ታለፈ። ያም ቁጥር ግምት ነው፤ ከጥቂት መቶ እስከ ከሺህ በላይ ድረስ ይለያያል። ማንም ቁጭ ብሎ አልቆጠራቸውም።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። የተሰማኝ ነገር ቁጣ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ቅናትም ነበረበት።

ምክንያቱም በታኅሣሥ 2006 የእኛ ልጆች ሞቃዲሾ ገቡ። እስከ ጥር 2009 ድረስ ቆዩ። ያን ጊዜ እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ከሰፈሬ የሄደ ልጅ አውቃለሁ። ኳስ አብረን ተጫውተናል፤ ግራ እግሩ ይመታል። ደብዳቤ አልመጣም፤ ስልክም የለም። እናቱ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ማታ ማታ ዜና ትሰማለች። ስንት እንደሞቱብን ቁጥሩ አልተነገረንም። የስም ዝርዝር አልወጣም። የእሷ ልጅ በመጨረሻ መጣ፤ አንድ እጁ አይታጠፍም። ያልመጡትስ? ስማቸው የት ተጽፏል? አሜሪካ 19 ልጆቿን በስም ጠርታ፣ ፊታቸውን የሚመስል ተዋናይ ፈልጋ፣ የሞቱበትን ጥግ ሳይቀር ሠርታ አሳየች። ለራሷ ሙታን ያደረገችውን ሳይ፣ ፊልሙን በሙሉ ልቤ መጥላት አቃተኝ። የእኛዎቹን እንዲህ በስም የጠራቸው የለም። ሶማሌዎቹንም የጠራቸው የለም። ያቺ ከተማ የሁለታችንንም ልጆች ያለ ስም ውጣለች።

ደግሞ ፊልሙ ያላሳየው አንድ ማብቂያ አለ። እሱን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሆነው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ከውጊያው አራት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ጦራቸው እስከ መጋቢት 31 ቀን 1994 ጠቅልሎ እንደሚወጣ አስታወቁ። አይዲድን ማሳደዱ ቆመ። ለያዘው 25,000 ዶላር የተቆረጠበት ሰው ነው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የሶማሊያ የሰላም ንግግር አዲስ አበባ ተጠራ። በዚያው በ1993 መጋቢት ላይ 15 ቡድኖች እዚሁ አዲስ አበባ ስምምነት ፈርመው ነበር፤ የፈረሰው እሱ ነው። አይዲድ በምን ይምጣ? በአሜሪካ ጦር አውሮፕላን መጣ። አዎ፣ የአሜሪካ። ረዳቶቹን ለመያዝ 160 ሰው የተላከበትን ሰውዬ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ያው ጦር አሳፍሮ ቦሌ አደረሰው። የተያዙት ረዳቶቹም ብዙ ሳይቆዩ ተፈቱ።

ይህን ያነበብኩ ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። የደም ሥሩ የጠፋበት ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ጠመንጃ ያነሣችው ሴት ትዝ አለችኝ። ጎርደንና ሹጋርት ትዝ አሉኝ። ግዳጁ ምን ነበር? ሁለት ረዳቶችን መያዝ? ተያዙ፣ ተፈቱ። አይዲድን ማዳከም? በአውሮፕላናቸው ተሳፈረ። ከንግግሩ የወጣ ሰላም የለም፤ አይዲድም በ1996 በእርስ በርስ ውጊያ ቆስሎ ሞተ። ጦሱ ደግሞ ሌላ ቦታ ወደቀ። በሚያዝያ 1994 ሩዋንዳ ስትታረድ፣ ሞቃዲሾ ላይ የተቃጠለችው ዋሽንግተን ወደዚያ ማየት አልፈለገችም። የተባበሩት መንግሥታት እዚያ የነበረውን ጦሩን ወደ 270 ሰው ዝቅ አደረገ። ያን እሑድ አንድ መታጠፊያ ያለፈ መኪና ስንት ሰው ላይ እንደታጠፈ ሳስብ ራሴን ያመኛል።

ወታደር ግዳጅ ይሰጠዋል። ግዳጁን ይፈጽማል ወይም ይሞታል። ከኋላ ያለው ፖለቲካ በስድሳ ቀን ሊገለበጥ እንደሚችል ማንም አይነግረውም። የእኛም ልጆች አልተነገራቸውም።

ፊልሙን ካየሁ በኋላ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። አሁን ሚኒሶታ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሆዮ ካረፈች አራት ዓመቷ። ስለዚያ የቪዲዮ ቤት ቀን አወራን። ሶማሊኛ አይችልም ያለኝን አስታወሰው። ከዚያ «ካሴቱ ትዝ ይልሃል?» አለኝ።

እንዴት አይለኝ። በዚያ ዘመን ሶማሌዎች ደብዳቤ በካሴት ነው የሚላላኩት። ድምጻቸውን ቀድተው በመንገደኛ ይልካሉ። የሆዮ ታናሽ ወንድም ሞቃዲሾ ቀርቶ ነበር፤ የጨርቅ ሱቋን የሚጠብቀው እሱ ነው። ከዚያ ጥቅምት በኋላ ለወራት ድምጹ ጠፋ። በ1994 አንድ ነጋዴ ካሴት አመጣላት። ፊልሙን ባየን ማታ ሆዮ ከሳጥን አውጥታ ያን ካሴት አጫወተችልን። ጓደኛዬ እየተረጎመልኝ ሰማሁ። ወንድምየው ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። ሄሊኮፕተሮቹ ዝቅ ሲሉ የሱቁ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተነሥቶ እንደሄደ። ከጣሪያው አቧራ እንደ ዱቄት እንደወረደባቸው። አያታቸውን አልጋ ሥር አስገብተው ፍራሽ እንደጋረዱባት። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ጥሟት፣ እንስራው በጥይት ተበስቶ ውኃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ጨርቅ እየነከሩ ከንፈሯን እንዳረጠቡት። ከዚያ ድምጹ ለወጥ አለ። ሆዮ እጇን ዘርግታ ማቆሚያውን ተጫነች። «በቃ፣ ብሉ» አለችን።

ጓደኛዬ ካሴቱን ወደ ስልክ አስገልብጦታል። ልላክልህ አለኝ። በቴሌግራም ላከው።

ሌሊት ብቻዬን ሰማሁት። ሶማሊኛዬ አሁንም ደካማ ነው። ቆርቆሮ የምትለዋን ለየሁ፣ አያት የምትለዋን፣ ውኃ የምትለዋን። ከዚያ ሆዮ ያቆመችበት ቦታ ደረሰ። ድምጹ ለወጥ ያለበት። ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ።

ስም ነው የሚጠራው። የሰፈሩን ሰዎች፣ ከነአባታቸው ከነአያታቸው፣ ሶማሌ እንደሚጠራው። አንዱን ይጠራል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ሌላውን ይጠራል። የወንድ ስም፣ የሴት ስም፣ ከዚያ ሦስት ስም አከታትሎ፣ የአንድ አባት ልጆች። ከኋላው ዶሮ ይጮኻል፤ የሆነ ሰው በር ይከፍታል። እሱ መጥራቱን አያቋርጥም። አስራ አንድ ቆጠርኩ። ከአስራ አንደኛው በኋላ የሆዮን ስም ጠራ፤ ሰፈሩ ረስቶት የነበረውን፣ የራሷን ስም። ሱቁን ሠርቼዋለሁ፣ ጨርቁም ደርሷል፣ መቀሱ ግን ጠፍቶብኛል አላት። ይህችን ጓደኛዬ ጠዋት ተረጎመልኝ።